እስከ አሥር መቁጠር

የካርታ ክፍሉ ሥራ የሚጀምረው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እሷ ግን አንድ ሰዓት ሲሆን ግቢው በር ላይ ናት። ዘበኛው ከጎጇቸው ወጥተው የብረቱን በር በትከሻቸው ይገፉና «ቁልፏ መጣች» ይላሉ። ለማን እንደሚናገሩ አይታወቅም፤ በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም። ከዚያ ያፈሉትን ውሃ በጎማ ከረጢት ሞልተው፣ ክዳኑን ሁለት ጊዜ አጥብቀው፣ ያስታቅፏታል።

«ሕፃኑ ዛሬም በረደው?»

«ዛሬስ ብሶበታል፣ ጋሼ።»

ሰባት ዓመት ሙሉ ይህችኑ ቀልድ ይቀልዳሉ። ቀልዷ አርጅታ ምርኩዝ ይዛለች፤ ቢሆንም አንድ ጠዋት ብትቀር ሁለቱንም የሚከፋቸው ይመስላታል።

ሕፃኑ ኮምፒውተር ነው። ፎቅ ላይ፣ በኮሪደሩ መጨረሻ፣ ባለ አንድ መስኮት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከጠረጴዛ ሥር ተቀምጧል። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው፤ ከፍርግርጉ ማዶ የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ እንጂ ሌላ አይታይም። ግድግዳው ላይ የዝናብ ውሃ እየወረደ የሠራውን መስመር እሷ በቃሏ ታውቀዋለች፤ የት ላይ እንደሚቀጥን፣ የት ላይ ለሁለት እንደሚከፈል። የማሽኑ ቀፎ ድሮ ነጭ ነበር፤ አሁን ያረጀ ጥርስ መስሏል። በጎኑ ላይ የንብረት ክፍል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጥፏል፤ ያለ ፈቃድ መክፈት ክልክል ነው ይላል።

ከተማው ውስጥ ያለ ቤት ሁሉ ካርታው የሚወጣው ከዚህ ቀፎ ነው። ካርታውን የሚሥለውን ፕሮግራም የሠራው ሰው ከሄደ ቆይቷል። ፕሮግራሙ በአዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ አልጫንም ብሏል፤ አልጋ የሚያክለው የካርታ ማተሚያም ገመዱ የሚገጥመው ከዚህ ማሽን ጀርባ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ማሽኑን ሁሉም ይፈራዋል፤ አጠገቡ ሲያልፉ እንኳ እንደ ታመመ ሰው አልጋ ቀስ ብለው ነው። ጎረቤት መሥሪያ ቤት በኤሌክትሪክ ከተቃጠለ ወዲህ ደግሞ የሕንፃው መብራት በየማታው ከዋናው ይቆረጣል። እንዲህ ሆኖ ማሽኑ ማታ ማታ ይሞታል፤ ጠዋት ጠዋት እሷ ታስነሳዋለች።

አነሳሡ ሥርዓት አለው። የሞቀውን ከረጢት በፎጣ ጠቅልላ በማሽኑ ጀርባ፣ የመብራቱ ገመድ በሚገባበት በኩል ታስደግፋለች። ሃያ ደቂቃ ትጠብቃለች። የጀርባውን ማብሪያ ትከፍታለች። ተንበርክካ የፊቱን ቁልፍ በአውራ ጣቷ ትጫንና እስከ አሥር መቁጠር ትጀምራለች። ዝም። ትለቃለች፤ ግራ ጎኑን በመዳፏ ቸብ ታደርገዋለች፤ እንደገና ትጫናለች፤ እንደገና ትቆጥራለች። አንዳንድ ቀን በሦስተኛው ይነሳል፣ አንዳንድ ቀን በአሥራ ስምንተኛው። በመጨረሻ ማራገቢያው እንደ ሽማግሌ አንድ ጊዜ ይስልና መዞር ይጀምራል፤ ትንሿ አረንጓዴ መብራት ትበራለች። እሷም ግንባሯን ከጠረጴዛው ጠርዝ አስደግፋ ጥቂት ትቆያለች። ሁለቱም ጉልበቶቿ ላይ የከሰል አሻራ የመሰለ ጥቁረት ወጥቷል።

ኃላፊው ክፉ ሰው አይደሉም። ጠዋት ደረጃውን ሲወጡ መሐል ላይ ቆም ይሉና ጆሯቸውን ይጥላሉ፤ የማራገቢያው ድምፅ ከመጣ ትከሻቸው ወደ ታች ይወርዳል፤ ካልመጣ እዚያው ቆመው ይጠብቃሉ። ሰው ሲመጣባቸው ወደ እሷ እያመለከቱ «ያለ እሷ ይህ ክፍል በድን ነው» ይላሉ። ምስጋናቸውን ከልባቸው ነው የሚሰጡት። በየዓመቱ የዓመት ረፍቷን ስትጠይቅ «ለሥራው አስፈላጊነት ሲባል ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል» ብለው ጽፈው፣ ፈርመው፣ በአክብሮት ይሰጧታል። ሰባቱንም ወረቀቶች በመሳቢያዋ ውስጥ በፕላስቲክ አቃፊ አስቀምጣለች። አንዴ ትኩሳት ይዟት ከሥራ ብትቀር፣ ባለ ጉዳዩ ሰልፍ እስከ ደረጃው ድረስ ወርዶ፣ ዘበኛው በኃላፊው መኪና መጥተው ከአልጋዋ አንስተው ወስደዋታል። ብርድ ልብስ ተከናንባ ተንበረከከች፤ ቆጠረች፤ ተነሳ። ሰልፈኛው አጨበጨበ።

ይሁን እንጂ የታሰረችበትን ገመድ ማን እንደፈተለው እሷ ታውቃለች።

ከሰባት ዓመት በፊት በካርታ ክፍሉ አራት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ይቀነሳሉ የሚል ወሬ መጣ። እሷ የመጨረሻዋ ተቀጣሪ ስለነበረች ዕቃዋን በልቧ ሸክፋ ጨርሳ ነበር። በዚያው ሳምንት ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ቴክኒሻን፣ ማሽኑ ጠዋት ጠዋት እምቢ ማለት መጀመሩን አይቶ፣ ክፍሉ ውስጥ እሷ ብቻ ስለነበረች ለእሷ ነገራት። ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ከግድግዳው የሚመጣውን መብራት ለማሽኑ መጥኖ የሚያድለው ሣጥን፣ ደክሟል፤ ሲሞቅ እንጂ ሲቀዘቅዝ አይሠራም፤ ይቀየር ብለሽ ለኃላፊሽ ንገሪ አላት። ልትነግር ሄደች። በሩ ጋ ስትደርስ ውስጥ ስለ ስም ዝርዝሩ ሲነጋገሩ ሰማች። እጇን ለማንኳኳት አንስታ ነበር፤ መልሳ አወረደችው። በማግስቱ በጠዋት መጥታ ጀርባውን በመዳፎቿ እያሸች አሞቀችውና አስነሳችው። እንዴት እንዳስነሳችው ሲጠይቋት «እንጃ፣ እጄን ለምዶት ይሆናል» አለች። ዝርዝሩ ሲወጣ ስሟ አልነበረበትም። ከጥቂት ወራት በኋላ በሥራ መዘርዝሯ ላይ አሥራ አንደኛ ቁጥር ተጨመረ፤ «ማሽኑን ማስነሳት» ይላል። ያን ቀን ደስ ብሏት ነበር፤ ይህን ስታስታውስ ነው ከሁሉ ይልቅ የምታፍረው።

ታላቅ እኅቷ ልብስ ሰፊ ናት። የአንድ ሙሉ ቀን የአውቶቡስ መንገድ በሚያስኬድ ከተማ ትኖራለች። እናት ሆና ያሳደገቻት እሷ ናት፤ የትምህርት ቤት ልብሷን ከራሷ አሮጌ ቀሚስ እየገለበጠች የሰፋችላት። ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ተሠርቶ፣ ሰኞ አንድ ሰዓት ላይ በሚጀመር ሕይወት ውስጥ ያ መንገድ አይገባም፤ ከተያዩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። በስልክ ግን በየሳምንቱ ይነጋገራሉ። በቅርቡ እኅቷ ስትቀልድ ስትቀልድ ቆይታ ክር መርፌ ውስጥ ማግባት እንዳቃታት ነገረቻት። ጎረቤት እየጠራሁ ነው የማስገባው፣ መርፌውም እኔም ሰው እጅ ላይ ወደቅን አለች። ሐኪሙ በሽታው የዓይን ነርቭ እንደሆነ፣ ከሦስት ወይም ከአራት ወር በኋላ ብርሃንና ጨለማን ከመለየት የሚያልፍ እይታ እንደማይቀርላት ነግሯታል።

«እታለም፣ እመጣለሁ» አለቻት።

«ስትመጪማ ጥሩ ነው። ብቻ ፊትሽን ያዢልኝና ነይ፤ ድምፅሽንማ ስልኩም ያመጣልኛል» አለች እኅቷ። ወዲያው ደግሞ፣ «ለነገሩ ምን ታደርጊ፤ ባል ቢሆን እንኳ አንድ ቀን ሂጂና ዘመድሽን ጠይቂ ይላል። አንቺ ያገባሽው ከባል የባሰ ነው» ብላ ሳቀች። ሳቁ መጨረሻው ላይ ተሰበረ።

እኅቷ ባለችበት ከተማ ባለው ቅርንጫፍ አንድ ክፍት የሥራ ቦታ ወጥቶ ነበር። የዝውውር ማመልከቻዋን ጽፋ ለኃላፊው ሰጠች። የኃላፊው ፊርማ እስከ ሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ማታ ካልደረሰ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ስለ እኅቷ አዝነው ጠየቋት። ከዚያም ከመሄድ እንደማይከለክሏት፣ ብቻ ማሽኑን ሌላ ሰው ዓይናቸው እያየ ካስነሳው በማግስቱ መሄድ እንደምትችል ተናገሩ።

ሌላ ሰው ማለት የመዝገብ ሠራተኛዋ ናት። ከጠዋት እስከ ማታ ስለምታወራ ሬዲዮ ይሏታል፤ ልቧ ግን ንጹሕ ነው። ልታስተምራት ስትጀምር እንዳትረሳው ብላ በትልልቅ ፊደል ጽፋ ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈችላት፤ «ሃያ ደቂቃ ማሞቅ። ቁልፉን ተጭኖ ሳይለቁ እስከ አሥር መቁጠር። ቸብ ማድረግ። መድገም።» ሬዲዮ አንዲት ነገር ሳታጓድል፣ በአፏም እየቆጠረች፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ ሞከረች። አልተነሳላትም። አንዳንዴ ማራገቢያው ሳል ብሎ ይጀምርና ወዲያው ተመልሶ ጸጥ ይላል። ሬዲዮ ላቧን እየጠረገች፣ «እኔን ጠልቶኛል፤ ልክ እንደ አማቴ፣ ድምፄን ሲሰማ ነው የሚተኛው» ትላለች። እሷ ትንበረከካለች፤ ለእሷ ይነሳል። ኃላፊው በሩ ላይ ቆመው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ ቅር ያላቸው ለመምሰል ይሞክራሉ።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች ወደተደረደሩበት መንገድ ሄደች። ከቲቪ ቀፎዎች ጀርባ የተቀመጠ፣ አጉሊ መነጽር ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው አገኘች። የዘመድ ማሽን ነው ብላ፣ ጠዋት እንደማይነሳ፣ ሲሞቅ እንደሚነሳ ነገረችው።

«በምን ነው የምታሞቁት?»

«በውሃ ከረጢት።»

ጠጋኙ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደና እሷን ራሷን በአጉሊው አያት። «እኔ በዚህ ሥራ ስኖር የሰማሁት የመጀመሪያው ነው። ሆዱን ነው እንዴ የሚያመው?» ከዚያ ግን ከመደርደሪያው አንድ የተፈታ ሣጥን አውርዶ አሳያት። ውስጡ ጣት የሚያካክሉ ጥቃቅን በርሜሎች ቆመዋል፤ አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን ሲገባው እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍቷል። ካፓሲተሮች እንደሚባሉ፣ ሲያረጁ እንደዚህ እንደሚያብጡ፣ ሲቀዘቅዙ ጉልበት እንደሚያጡ ነገራት። መጠገኑ አያዋጣም፤ ሣጥኑን እንዳለ ቀይሮ መገላገል ነው አላት።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ግማሽ ሰዓት። ብሎኑ ዝጎ ከሆነ አርባ ደቂቃ።»

ግማሽ ሰዓት። ሰባት ዓመት ሙሉ የተንበረከከችባቸው ጠዋቶች ሁሉ መጥተው ከፊቷ ተሰለፉ፤ ሰልፉ እስከ ደረጃው ወርዶ ግቢውን ሞልቶ ውጭ ድረስ የሚሄድ መሰላት።

አርብ ዕለት ለኃላፊው ነገረቻቸው። ስትናገር ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ሰው ጆሮውን ካላቀረበ አይሰማትም። አሳጥራ፣ ሣጥኑ ቢቀየር ማንም ሰው እንደሚያስነሳው አስረዳች። ኃላፊው ፊታቸው ቀላ።

«የሚሠራ ነገር አይከፈትም» አሉ። «ሆዱ ተከፍቶ ተመልሶ ባይገጥም፣ የከተማውን ቤት ሁሉ ካርታ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ ነሽ በእጅ የምንሥለው? ማኅተሙን አይተሽዋል። ለንብረት ክፍል እንጽፋለን፤ እነሱ ይመክሩበታል።»

ንብረት ክፍል የተሰበረ ወንበር ለመቀየር አንድ ዓመት ከመንፈቅ የመከረ ክፍል ነው። እሺ ብላ ወጣች። ሕይወቷን በሙሉ እሺ ብላ ነው የወጣችው። ከዚያም ከራሷ ኪስ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ገዛች።

ቅዳሜ ሠራተኛው ከወጣ በኋላ፣ ፀሐይ ገና መሐል ሰማይ ላይ ሳለች፣ ጠጋኙን ይዛ ተመልሳ መጣች። ዘበኛው ካርቶኑን አዩ፤ ጠጋኙን አዩ፤ እሷንም አዩ።

«እኔ የተቀጠርኩት የሚወጣ ዕቃ ልፈትሽ ነው» አሉና በሩን ገፉት። «የሚገባውን ማንም አልጠየቀኝም።»

ጠጋኙ ማሽኑን ጎትቶ ከጠረጴዛው ሥር ሲያወጣው ወለሉ ላይ ንጹሕ አራት ማዕዘን ቀረ። ወደ ማኅተሙ ጠቆማትና «ይህን እኔ አልነካም፣ እኅቴ» አላት። ወረቀቱን በጥፍሯ ለማንሳት ሞከረች፤ ተሰነጠቀ። ከተሰነጠቀማ ብላ የቀረውን ባንዴ ቀደደችው።

ክዳኑ ሲነሳ ውስጡ ብርድ ልብስ የሚያክል አቧራ ለብሷል። ጠጋኙ የመብራቱን ገመድ ነቀለ፤ ውስጥ የቀረ ኃይል እንዲወጣ የፊቱን ቁልፍ ደጋግሞ ተጫነ፤ ከዚያ የትኛው ገመድ የት እንደሚገባ በስልኩ ፎቶ አነሳ። ከማዘርቦርዱ፣ ማለትም ሁሉም ክፍል ከሚሰካበት ዋና ሰሌዳ ላይ፣ ሰፊውን መሰኪያ መንጠቆውን ተጭኖ ወዘወዘና ነቀለው፤ ቀጥሎ አራት ጥርስ ያላትን ትንሿን፣ ቀጥሎ መረጃው የሚቀመጥበትን ዲስክና የሌሎቹን ክፍሎች ገመድ። በጀርባ በኩል አራት ብሎኖች ነበሩ። ሦስቱ በካቻቢቴው ወዲያው ወጡ፤ አራተኛው ዝጎ አስቸገረ። «አርባ ደቂቃ ብዬሽ ነበር» አለ ጠጋኙ ጥርሱን ነክሶ። አሮጌው ሣጥን ሲወጣ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ከረጢቱ ያርፍበት የነበረው ጎኑ ዝጎ ክብ ምልክት አበጅቷል። እጇን አሳረፈችበት፤ በመዳፏ ልክ ነው።

አዲሱ ገባ። ሰፊው መሰኪያ በአዲሱ ሃያ አራት ጥርስ ነው፤ አሮጌው ማዘርቦርድ የሚቀበለው ሃያውን ብቻ ስለሆነ፣ ጠጋኙ አራቱን ከጫፉ ገንጥሎ ለብቻ አንጠልጥሎ ተዋቸው። የመጨረሻውን ገመድ እንድትሰካው ለእሷ ሰጣት። ጠቅ አለ። የጀርባውን ማብሪያ ከፈቱ። ጠጋኙ የፊቱን ቁልፍ በጣቱ ነካ አደረገው፤ ዝንብ የሚያባርር ያህል እንኳ አልተጫነውም። ማራገቢያው ሳይስል ዞረ፤ አረንጓዴዋ በራች።

ደስታ ይመጣል ብላ ጠብቃ ነበር። የመጣው ግን ቁጣ ነው፤ በማን ላይ እንደሆነ የማታውቀው፣ ወይም በደንብ የምታውቀው።

«አጥፋውና እንደገና ሞክረው» አለችው። ጠጋኙ ቁልፉን ጫን ብሎ ያዘው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሲል ማሽኑ ጸጥ አለ። ሥራ ላይ እያለ በአግባቡ እንጂ እንዲህ እንዳይጠፋ አስጠነቀቃት። ነካ አደረገው፤ ተነሳ። አምስት ጊዜ አስደገመችው። ከዚያም ፕሮግራሙን ከፍታ የእኅቷን ሰፈር የምታህል አንዲት ሰፈር ካርታ በስክሪኑ ላይ አየች፤ ሁሉም ቤት በቦታው ነበር። አሮጌውን ሣጥን በፌስታል አድርጋ መሳቢያዋ ውስጥ ከሰባቱ ወረቀቶች አጠገብ አስቀመጠችው።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጣች። እንደ ሰው። ዘበኛው ከረጢቱን ይዘው ሲጠብቋት ነበር፤ ዛሬ አያስፈልግም አለቻቸው። ከረጢቱን ደረታቸው ላይ እንዳቀፉ ቀሩ።

ኃላፊው ደረጃው መሐል ላይ ቆመው ነበር፤ የለመዱትን ድምፅ አጥተው ፊታቸው አመድ መስሏል። ዛሬ ሬዲዮ ታስነሳዋለች አለቻቸው። ሦስቱም ገቡ። ማሽኑን ጎኑን ወደ ግድግዳ አድርጋ መልሳው ስለነበር ማኅተሙ የነበረበት ቦታ አይታይም። ሬዲዮ ተንበረከከች፤ ግድግዳውን ቀና ብላ አነበበች፤ ተጫነች። ማራገቢያው ወዲያው ዞረ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት…» ጸጥ። ሬዲዮ እስከ አሥር ጨርሳ ለቀቀች። ቸብ አደረገችው። እንደገና ተጫነች፤ ዞረ፤ በአራት ጸጥ አለ።

«ይኸው፣ ጀመረው» አለች ሬዲዮ።

እሷ ከኋላቸው ቆማ የቅዳሜውን ገመዶች በልቧ ቆጠረች። ተበላሽቶ ነው? አንድ ገመድ ለቆ ነው? በእሷ እጅ የተሰካው የመጨረሻው?

«እስቲ ተነሺ» አሉ ኃላፊው። ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ በሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ማሽኑ ፊት ተንበረከኩ። ወረቀቱን አዩ፤ በወፍራም አውራ ጣታቸው ተጫኑና ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ። ዞረ፤ ጸጥ አለ። ቀና ብለው አዩዋት። ፊታቸው ላይ ያየችው ነገር እፎይታ ነበር።

«አየሽ? እጅሽን ነው የሚያውቀው። ምን ይደረግ እንግዲህ።»

እንደገና ተጫኑ። እሷ የእሳቸውን ጣት ትኩር ብላ አየች፤ ማራገቢያው ሲነሳ ጣታቸው እዚያው እንደ ተጣበቀ አየች። በዚያች ቅጽበት የገዛ አውራ ጣቷ፣ በቀሚሷ ኪስ ውስጥ፣ ከሆነ ነገር ላይ እንደሚነሳ ብድግ አለ። ሰባት ዓመት ሙሉ ማሽኑ ሲስል ጣቷ በራሱ ይነሳ ነበር። አፏ እስከ አሥር ብሎ ሲያስተምር፣ ጣቷ አንድም ቀን እስከ አሥር ቆይቶ አያውቅም። ሬዲዮ ግን የተጻፈላትን አክብራ ያዘችው፤ ጠጋኙ ቅዳሜ ሲያጠፋው እንዳደረገው ያዘችው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ የተነሳውን ማሽን በገዛ እጇ ስትገድል ቆየች። የገደለችውም በእሷ ጽሕፈት ነው።

«እጅዎን ያንሱ» አለች።

አልሰሟትም። ሦስት ይላሉ።

«እጅዎን ያንሱ!» አለች፤ ይህንንም ብላ አላበቃችም፤ ጎንበስ ብላ የኃላፊውን እጅ አንጓው ላይ ይዛ ከቁልፉ ላይ አነሳችው። ማራገቢያው መዞሩን ቀጠለ። አረንጓዴዋ በራች፤ ስክሪኑ ነጣ፤ ማተሚያው በወዲያኛው ግድግዳ በኩል አጉረመረመና ነቃ።

መሳቢያዋን ከፍታ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቁልፉ ይህ ነው፣ እኔ አይደለሁም አለች። ከዚያ ቀጭን ድምፅዋን ሳታነሳ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ቅዳሜን፣ ማኅተሙን፣ ከሰባት ዓመት በፊት ቴክኒሻኑ የነገራትንና በራቸው ላይ የወረደውን እጇን። ኃላፊው ጉልበታቸውን ሳያራግፉ ወንበሯ ላይ ተቀምጠው ሰሟት።

«እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ ስንቱን ጠዋት…» አሉና ተዉት። ከቆይታ በኋላ የኃላፊ ድምፃቸው ተመልሶ መጣ። ማኅተም የቀደደ ሠራተኛ ጉዳዩ በንብረት ኮሚቴ ሳይታይ ዝውውር እንደማይፈረምለት፣ ሕጉን እሳቸው እንዳላወጡት ተናገሩ። ኮሚቴው መቼ እንደሚሰበሰብ ሦስቱም ያውቃሉ። ቦታው ዛሬ ማታ ይዘጋል።

ድሮ ቢሆን እሺ ብላ ትወጣ ነበር። አቃፊውን አውጥታ ሰባቱን ወረቀቶች በዓመታቸው ቅደም ተከተል ፊታቸው ደረደረች።

«ዝውውሩ ይቅር። ረፍቴን ይስጡኝ።»

ኃላፊው የገዛ ፊርማቸውን ሰባት ጊዜ አዩት። ለሥራው አስፈላጊነት ሲባል። ሥራው ከጠረጴዛው ሥር፣ ማንም ሳይነካው፣ ዝም ብሎ ይሠራል። ጎንበስ ብለው ማሽኑን በአግባቡ ዘጉት፤ ቁልፉን በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው ቶሎ አነሱ፤ ተነሳ። አንዴ ደገሙት። ሬዲዮ በሹክሹክታ «እሳቸውም ወደዱት» አለች። ከዚያ ኃላፊው እስክሪብቶ ጠየቁ።

ከግቢው ስትወጣ አራት ሰዓት ነበር። በሥራ ቀን በአራት ሰዓት መንገዱ ምን እንደሚመስል አታውቅም ነበር፤ ሱቆቹ ሁሉ ክፍት፣ ሰዉ ሁሉ ወደ አንድ ነገር የሚሄድ። ዘበኛው ቦርሳዋን ፈተሹ፤ ደንብ ነው። ባዶውን ከረጢት ነው ውስጡ ያገኙት፤ ለመታሰቢያ ይዛው ልትሄድ ከጎጇቸው ደጃፍ አንስታዋለች።

«ይህ የእኔ ዕቃ ነው፤ አይወጣም» አሉ ኮስተር ብለው። ወዲያው መልሰው ከተቱት። «ለእኅትሽ ስጪልኝ። ለጉልበት ደግ ነው።»

በማግስቱ ማለዳ የተሳፈረችበት አውቶቡስ እኅቷ ከተማ ሲደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷት ነበር። መንገዱን በእግሯ ሄደች። የእኅቷ በር ላይ አንዲት የደወል ቁልፍ አለች፤ ቀለሟ የለቀቀ። በአውራ ጣቷ ተጫነች፤ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት…

«ሰማሁ እኮ! እጅሽን አንሺ፣ ደወሉን ልታቃጥይው ነው?» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

እጇን አነሳች። በሩ ተከፈተ። እኅቷ የደጃፉን እንጨት በአንድ እጇ ይዛ፣ አንገቷን ወደ ፊት አስግጋ፣ ፊቷን ከፊቷ አቅርባ፣ ረጅም ጊዜ አየቻት።

«ሽበት አበቀልሽ» አለች።